የጫማ ሰፊው ልጅ

የአምባገነኖች ስም ሲነሳ ከሰው ያልተወለዱ ይመስሉናል። ስታሊን ግን እንደ ማንኛችንም እናት ያዘለችው ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ጎሪ በምትባል ትንሽ የጆርጂያ ከተማ ሲወለድ ስሙ ዮሴብ ጁጋሽቪሊ ነበር። ከርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት ወንድሞቹ በጨቅላነታቸው ሞተዋል።

አባቱ ቤሳሪዮን ጫማ ሰፊ ነው። ሙያ ነበረው፤ ገንዘቡን ግን መጠጥ በላው። ሰክሮ ሲገባ ሚስቱንም ልጁንም ይደበድባል። እናቱ ኤካቴሪኔ በሰው ቤት እያጠበችና እየሰፋች አሳደገችው፤ እርሷም ብትሆን ዱላ አታውቅም አይባልም። ፈንጣጣ ፊቱን አበላሸው፤ የግራ ክንዱም ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን አልታዘዝ አለው። አባትየው ከትምህርት ቤት አውጥቶ ትብሊሲ ጫማ ፋብሪካ ቢያስገባውም እናት ታግላ መለሰችው። ቄስ ሆኖ ማየት ነበር ምኞቷ።

“አውሬ ያደረገው የአባቱ ዱላ ነው” የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ይህ ብቻውን አይዋጥልኝም። በአባቱ እጅ የተገረፈ ልጅ በየአገሩ ሞልቷል፤ ሁሉም ስታሊን አልሆነም። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1931 ኤሚል ሉድቪግ ለተባለ ደራሲ ሲመልስ፣ ወላጆቹ እንዳልበደሉት፣ ለአመፅ ያነሳሳው የሴሚናሪው አገዛዝ መሆኑን ተናግሯል። የአባቱን ነገር መሸፋፈኑ ግልጽ ነው። ስለ ሴሚናሪው ያለው ግን ልብ ሊባል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1894 ትብሊሲ ወደሚገኘው የቀሳውስት ማሠልጠኛ ሲገባ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ግጥሞቹ በጋዜጣ ወጥተዋል። በማሠልጠኛው ግን የገዛ ቋንቋው ጆርጂያኛ ክልክል ነው። የዓለማዊ መጻሕፍትም እንደዚሁ። ተማሪዎች ለሻይ ተጠርተው ሲመለሱ ሳጥኖቻቸው ተበርብረው ይጠብቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1896 የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ተገኘበትና በጨለማ ክፍል እንዲታሰር ተወሰነበት። በ1897 መጋቢት ደግሞ በጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ሲያነብ ተያዘ፤ ተቆጣጣሪው ይህ 13ኛው መሆኑን መዝግቧል።

13 ጊዜ! አንባቢ ሆይ፣ 13 ጊዜ የተያዘ ልጅ ምን የተማረ ይመስልሃል? መደበቅን ነው፤ ጓደኛን መጠርጠርን ነው። ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ አይደለም። እኔም በመድረሳ ተምሬ የማስተምር ነኝና፣ በየትኛውም ቤት የልጅን ደብተር ከማስተማሪያነት ይልቅ ለስለላ የሚከፍት እጅ ያስፈራኛል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ፈተና ሳይቀመጥ ወጣ። ያ ፍተሻ ያንገፈገፈው ወጣት ሥልጣን ሲይዝ አገሩን በሙሉ የሚፈተሽ ሳጥን አደረገው። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ባልደረባ ባልደረባውን አሳልፎ ሰጠ። በ1937 እና በ1938 ብቻ በራሱ መንግሥት መዝገብ ከ680 ሺህ በላይ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። በ1944 የካቲት የእምነት ወንድሞቻችን ቼቼኖችና ኢንጉሾች፣ በግንቦትም የክሪሚያ ታታሮች፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል በዕቃ ባቡር ታጭቀው ወደ ማዕከላዊ እስያ ተጋዙ። ብዙዎቹ በመንገድ፣ ብዙዎቹም በደረሱበት በረሃብና በበሽታ አለቁ።

እናቱ ይህን የመጨረሻውን አላየችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ቄስ ሳይሆን መቅረቱ እንደሚቆጫት እንደነገረችው ይወራል። በ1937 ስትሞት የአበባ ጉንጉን ላከ እንጂ ለቀብሯ አልመጣም።