ከበረሃ ወደ ማእድ ቤት፦ የጽሞና ረጅም ጉዞ

የክርስቲያኖች የጽሞና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የምናኔ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ሰው ዓለምን ጥሎ ገዳም ይገባል፣ ከሰው ርቆ ዝም ይላል። ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በበረሃ የተለመደው ጸሎት በየዘመኑ ወደ ገበያና ወደ ቤት እንዴት እንደተመለሰ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ270 አካባቢ እንጦንስ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ከወላጆቹ የወረሰውን ንብረት ለድኆች ሰጥቶ መነነ። የበረሃ አባቶች ዜና እንደሚተርከው፣ ሐሳብ ተበታትኖበት ልቡ በታከተበት ቀን አንድ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲጎነጉን አየ። እርሱም ሥራና ጸሎትን እያፈራረቀ መኖርን ተማረ። ያው መጽሐፍ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ እንጦንስን የሚተካከል ሰው በከተማ አለ፤ ሐኪም ነው፤ የተረፈውን ለድኆች ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉም ከመላእክት ጋር ያመሰግናል። የበረሃው ትውልድ ገና ከጅምሩ ጽሞናን የመነኩሴ ብቻ አላደረገውም።

ጳኩሚስ በ320ዎቹ በላይኛው ግብፅ የማኅበር ገዳም ሲመሠርት ሥራን ከጸሎት ጋር በሰዓት አሰናኘ። ሥርዓቱም በኋላ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ለአገራችን ገዳማት መሠረት ሆነ። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ በስድስተኛው መቶ ዘመን ቤኔዲክቶስ በሞንቴ ካሲኖ ተመሳሳይ ሥርዓት ጻፈ።

በሰባተኛው መቶ ዘመን የተነሣው ማር ይስሐቅ ዛሬ ኳታር የምትገኝበት የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተወላጅ ነው። የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶ መንበሩን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ። በንባብ ብዛት ዓይኑ እስኪጠፋ የደከመው ይህ አባት የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንም ጽሑፉ የቤተ ክርስቲያናትን ድንበር አልፏል። በእኛም ዘንድ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር «መጻሕፍተ መነኮሳት» ተብሎ በጉባኤ ቤት በአንድምታ ይተረጎማል።

በ14ኛው መቶ ዘመን የአቶስ ተራራ መነኮሳት አጭሯን የኢየሱስ ጸሎት ከትንፋሻቸው ጋር እያዋሐዱ ይደጋግሙ ነበር። በርላዓም የተባለ ሊቅ ተሳለቀባቸው፤ ግሪጎርዮስ ፓላማስ ተከራከረላቸው፤ በ1341 እና በ1351 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡ ጉባኤያትም ለፓላማስ ፈረዱ። በዚያው ዘመን የኖረው ኒቆላዎስ ካባሲላስ ደግሞ ነገሩን ወደ ምእመናን ደጅ አመጣው፦ የጦር አዛዡ ከሹመቱ፣ ገበሬው ከእርሻው ሳይለይ፣ በረሃ መውረድም ሳያስፈልገው ክርስቶስን ማሰብ ይችላል አለ።

ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ይህን በሥራ ያሳየው አንድ ወጥ ቤት ነው። በጦርነት ቆስሎ ያነከሰው ፈረንሳዊ ወታደር ወንድም ሎሬንሶ በፓሪስ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገብቶ፣ በተፈጥሮው የማይወደው የማእድ ቤት ሥራ ተሰጠው። እርሱ ግን ድስቱ ሲንተከተክና ከየአቅጣጫው ሲጠራም፣ ተንበርክኮ ሲጸልይም፣ ልቡን በእግዚአብሔር ፊት እኩል ማኖርን ተለማመደ። በ1691 ሲያርፍ የተዋቸው ደብዳቤዎች ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም የሚያነባቸው ሆኑ።

በኢትዮጵያ ይህን ጉዞ የሚያሳየው የየዕለቱ ልማድ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሰዓታት የተባለውን የጸሎት መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ቢደርስም፣ ምእመኑ በቤቱ የራሱን ሰዓት ይጠብቃል። ጎሕ ሲቀድ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ ከዳዊት የዕለቱን ያደርሳል፤ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይላል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በሚጾመው የፍልሰታ ጾም ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሳይቀር ዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ በሶና ቆሎውን ቋጥሮ በየደብሩና በየገዳሙ ሱባዔ ይገባል።

የእነዚህ ሁሉ አባቶች መለኪያ አንድ ነበር። ጸሎት ያደረሰ ሰው ለባልንጀራው ለስላሳ ካልሆነ ዝምታው አፉን እንጂ ልቡን አልነካውም። ስለዚህ የፍልሰታ ሱባዔ የሚፈተነው ከነሐሴ 16 ወዲያ ነው፦ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ሲጮህ፣ የቤት ኪራይ ሲጨመር፣ ጎረቤት የድሮ ነገር ሲያነሣ። ያን ጊዜ ቁጣውን ገትቶ የሚመልስ ሰው ከበረሃው ትምህርት ዋናውን ይዟል።