የማይሽከረከረው እንዝርት፦ ከኤሌክትሮን ስፒን ታሪክ



ንግግሬን ከ1914 ዓ.ም. እጀምራለሁ። ያን ጊዜ የኢሉባቦር መቀመጫ ከዚህ ከመቱ ብዙም የማትርቀው ጎሬ ነበረች፤ የአካባቢው ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት ኦቶ ሽተርንና ቫልተር ገርላህ የብር አቶሞችን ጨረር ወጥ ባልሆነ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ቢያሳልፉት ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ ምክንያቱን ብጠይቃችሁ «ስፒን» ትሉኛላችሁ። እነርሱ ግን ኤሌክትሮኑ በኒውክሊየስ ዙሪያ ከሚያደርገው ዙረት የመነጨ መስሏቸው ነበር። ስፒንን አይተው አላወቁትም።

በ1917 ዓ.ም. ራልፍ ክሮኒግ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ኤሌክትሮን በራሱ ዛቢያ ላይ ይሽከረከር ይሆናል የሚል ሐሳብ አመጣ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ፣ እርሱም ገና የ24 ዓመት ሰው፣ ሐሳቡ ብልህ ቢሆንም ከእውነታው ጋር አይገናኝም አለው። ክሮኒግም ሳያሳትመው ቀረ። በ1918 ዓ.ም. መጀመሪያ በላይደን ጆርጅ ኡሌንቤክና ሳሙኤል ጎድስሚት ያንኑ ሐሳብ ጻፉ። አንጋፋው ሎረንትዝ የኤሌክትሮኑ ገጽ ከብርሃን ፍጥነት እጅግ መብለጥ እንደሚኖርበት ባሳያቸው ጊዜ ጽሑፉን ለመሳብ ፈለጉ። መምህራቸው ኤረንፌስት ግን አስቀድሞ ልኮት ነበር፤ ወጣት ስለሆናችሁ ጥቂት ሞኝነት አይጎዳችሁም ማለቱ ይነገራል።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። «ስፒን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥንተ ትርጉሙ መፍተል ነውና እናቶቻችን የሚያሾሩትን እንዝርት ያሳስበናል፤ ሥዕሉ ግን ስሕተት ነው። ኤሌክትሮን የሚሽከረከር ገጽ ያለው ኳስ መሆኑን ያሳየ ሙከራ የለም። ስፒኑ እንደ ክብደቱና እንደ ኤሌክትሪክ ሙሉ (ቻርጅ) የተፈጥሮው ነው፤ እንዝርት ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፣ የኤሌክትሮን ስፒን ግን ምንጊዜም ግማሽ ነው። እንዲያውም 360 ዲግሪ ቢዞር የሞገድ ፈንክሽኑ ምልክቱን ይለውጣል፤ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ720 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ፓውሊ ሥዕሉን መጠራጠሩ ትክክል ነበር። ሐሳቡን ከሥዕሉ ጋር አብሮ መጣሉ ግን አንድ ወጣት ግኝቱን አሳጣው። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲነሣልኝ ከሎረንትዝ ስሌት ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

በ1920 ዓ.ም. ዲራክ ኳንተም ሜካኒክስን ከአንጻራዊነት ጋር ቢያስማማ፣ ስፒን ማንም ሳያስገባው ከእኩልታው ወጣ። ከዚያ በፊት በ1919 ዓ.ም. ስፒንን በሁለት በሁለት ማትሪክሶች የጻፈው ግን ራሱ ፓውሊ ነበር። ነገ በሰሌዳው ላይ የምንሠራባቸው እነርሱ ናቸው፤ ስማቸውም የፓውሊ ማትሪክሶች ይባላል።