ኮምፓይለሩ ምክንያት ሳይሰጥ ሲቋረጥ

ኮምፓይለር ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። አንዳንድ ጊዜ ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ሳይናገር «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይቋረጣል። ብዙ ሰው ወዲያው ኮዱን ይኮንናል። እኔ ግን የሕግ ሰው ነኝና ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም እላለሁ።

ኮምፓይለሩ በቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ሲያገኝ የውጭውን በይደር አቆይቶ ወደ ውስጠኛው ይገባል። በይደር ያቆየውን የሚደራርበው «ስታክ» በሚባል የሜሞሪ ክፍል ነው። እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። መሶቡ ግን ልክ አለው። በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ ካልተለወጠ በቀር 1 ሜጋባይት ነው። እጅግ የተደራረበ ኮድ፣ በተለይ በሌላ ፕሮግራም የተመረተ ከሆነ፣ ሊሞላው ይችላል።

በሊኑክስ «ዩሊሚት» የተባለው ትእዛዝ በ«ኤስ» አማራጭ ገደቡን በኪሎባይት ያሳያል። ጂሲሲ ራሱ እስከ 64 ሜጋባይት ከፍ ለማድረግ ስለሚሞክር፣ ለሙከራ 262144 ይስጡትና በዚያው መስኮት ደግመው ያስነሱት። ካለፈ፣ ጥፋቱ የቦታ ጥበት ነበር። ምንም ያህል ቢሰጡት ከወደቀ ግን ማብቂያ የሌለው ድግግሞሽ ይጠርጥሩ፤ ያኔ ገደብ መጨመር ውድቀቱን ከማዘግየት አያልፍም።

ዘላቂው መፍትሔ የተደራረበውን ኮድ መከፋፈል ነው። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር የቅንፍ ድርብርብ ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፍ ምክንያቱን ነግሮ ያቆማል። ምክንያቱ የተገለጸ ውሳኔ ይግባኝ ይባልበታል፤ በዝምታ የሚሞት ኮምፓይለር ግን ንጹሑን ኮድ ያስኮንናል።