«ኦሙ እኩል ይሁን» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

ደምበጫ ሆናችሁ ለሳሎናችሁ ፕሪአምፕ ከፓወር አምፕ ጋር ልታገናኙ ነው እንበል። «የሁለቱ ኦም እኩል ይሁን» የሚል ምክር ምናልባት ሰምታችኋል። ምክሩ መነሻ አለው፤ መነሻው ግን ሳሎን ሳይሆን ስልክ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከአዲስ አበባ ደምበጫ ካለው መንገድ እንኳ ይረዝማል። ያኔ ምልክት የሚያጎላ የቫኪዩም ቱቦ አልነበረም፤ እሱ የመጣው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከስልኩ የምትወጣው ትንሽ ኃይል ያለ ረዳት ያን ሁሉ አገር ማቋረጥ ነበረባት።

ሌላም ጣጣ አለ። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ምልክት በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩ ከሞገዱ በለጠ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የሽቦውና የመሣሪያው ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ፣ ካልተመጣጠነ ከምልክቱ ከፊሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። «እኩል ይሁን» የተባለው ለዚህ ነው። በምሰሶ የሚዘረጋ የስልክ ሽቦ 600 ኦም ገደማ ስለሆነ፣ ይኸው ቁጥር ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎችና ስቱዲዮዎችም ገባ።

ሳሎን ግን ሌላ ነው። ገመዳችሁ 2 ሜትር ነው፤ ማጉያም አላችሁ። ፓወር አምፑ ከፕሪአምፑ የሚፈልገው ቮልቴጅ እንጂ ኃይል አይደለም። የቧንቧ ውኃን አስቡ፦ ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍት ግፊቱ ይወድቃል፤ ጥቂት ብቻ ሲቀዳ ግን ግፊቱ እንዳለ ይቆያል። 600 ኦም ከ600 ኦም ብታገናኙ ቮልቴጁ በግማሽ ይወርዳል። መውጫው 100፣ መግቢያው 10,000 ኦም ከሆነ ግን የሚጠፋው 1 በመቶ ብቻ ነው። የዛሬው ደንብ እንግዲህ ተገልብጧል፦ መግቢያው የመውጫውን ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን።

ገመዱስ? ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ሽቦዎች ትንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ። መውጫው 10,000 ኦም የሆነ ፕሪአምፕ በ10 ሜትር ገመድ ሲገናኝ፣ ወደ 16,000 ኸርዝ ሲጠጋ ቀጭኑ ድምፅ በግልጽ ይሳሳል። መውጫው 100 ኦም ቢሆን ግን ያው ገመድ ጆሯችን የሚሰማውን ሁሉ ሳይነካ ያሳልፋል።

ስለዚህ ውድ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የመሣሪያዎቹን መመሪያ ገልጣችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቀራል።