ሲጋርና ጋያ፤ የአንድ ቅጠል ታሪክ



በአገራችን ቋንቋ «ሲጋራ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው በወረቀት የተጠቀለለውን ቀጭን ትምባሆ ነው። ቃሉ በመጣበት በአውሮፓ ግን የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ወረቀት የሚባል ነገር የሌለበት፣ ከውስጡ እስከ ልብሱ ሁለንተናው ቅጠል የሆነው ሲጋር ነው። በዛሬው ንግግራችን ሲጋር እንዴት እንደሚሠራ፣ ይኸው ቅጠል በጋያ ተጠጥቶ በወሎ ደጋ ምን ታሪክ እንዳስከተለ እንመለከታለን።

የትምባሆ ጥንተ አገሩ አሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ኩባ ደሴት በደረሰ ጊዜ፣ የላካቸው ሰዎች የአገሩ ተወላጆች ደረቅ ቅጠል ጠቅልለው በእሳት እየለኰሱ ጢሱን ሲስቡ አዩ። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ በመርከብ ተጭኖ ዓለሙን ሁሉ አዳረሰ። እኛ «ትምባሆ» የምንለው ስም ዐረቦች «ቱምባክ» ከሚሉት ጋር መመሳሰሉም፣ ወደ እኛ የመጣው በየትኛው በር እንደ ሆነ ያመለክታል።

ሲጋር መሥራት ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። የትምባሆ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በመጀመሪያ በመደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ ጠና ሲል ወደ እርሻው ይዛወራል። ለውጭ ልብስ የሚሆነው ተክል ፀሐይ ቅጠሉን እንዳያሻክረው በስስ ጨርቅ ጥላ ሥር ያድጋል። የበሰለው ቅጠል ከታች ወደ ላይ በተራ እየተለቀመ፣ በክር እየተሰፋ፣ ነፋስ በሚገባበት ጎተራ ውስጥ ለሳምንታት ይሰቀላል። በዚያም አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቡናማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ተከምሮ እንዲብላላ ይተዋል። ክምሩ ከውስጡ ይሞቃል፤ በዚህም ሙቀት የቅጠሉ ምሬት ይለዝባል፣ መዓዛውም ይወጣል። ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ ሠራተኞች ክምሩን እያፈረሱ መልሰው ይከምሩታል።

የመጨረሻው ሥራ የጠቅላዩ ነው። ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ከመካከል ያለው ሆዱ ነው፤ ልዩ ልዩ ኃይል ካላቸው ቅጠሎች ተመርጦ፣ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንዲኖረው ሆኖ ይታጠፋል። ሁለተኛው ሆዱን አቅፎ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል ነው። ሦስተኛው እንደ ሐር የለሰለሰው የውጭ ልብስ ነው። ጠቅላዩ እጀታ በሌለው ጠፍጣፋ ቢላዋ ቅጠሉን እየቆረጠ ይጠቀልላል፤ ጫፉንም በጥቂት የተክል ሙጫ ያጣብቃል። አጥብቆ የጠቀለለው እንደ ሆነ ጢሱ አይሳብም፤ አላልቶ የጠቀለለውም እንደ ሆነ ቶሎ ነድዶ ያልቃል። በሀቫና ፋብሪካዎች ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ አንባቢ ቀጥረው፣ እጃቸው ሲሠራ ጆሯቸው ጋዜጣና ልብ ወለድ ይሰማ ነበር።

በወሎ ግን ትምባሆ የሚጠጣው በጋያ ነበር። ጋያ ውኃ የሚጨመርበት ቅል፣ ጢሱ የሚሳብበት መቃና እሳቱን የሚሸከም የሸክላ ራስ ያለው ዕቃ ነው። የቦረና ከተማ መካነ ሰላም በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ትገኛለች፤ አገሩ ወደ ዐባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ በስተሰሜን ሳይንት ይዋሰነዋል። በዚህ ደጋ እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ፣ ተዋልዶና ተዛምዶ የኖረ ሕዝብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ታወግዝ ነበር፤ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ተብሎም ይተረክ ነበር። ከእስልምና ሊቃውንትም ብዙዎች አይወዱትም፤ ይሁን እንጂ በሕዝቡ ዓይን ትምባሆ መጠጣት የእስላም ምልክት ሆኖ ይቈጠር ጀመር።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመነ መንግሥታቸው (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆን ከለከሉ። ትምባሆ የጠጣ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቈረጥ የሚል ብርቱ ቅጣት ነበር። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የሃይማኖት አንድነት ታወጀ፤ የወሎ እስላሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ከሕዝቡ ግን ብዙው ወይ ተሰደደ፣ ወይ በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ፤ ወይም እንደ ሼኽ ጠልሃ ተከታዮች ሸፈተ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ትምባሆ ጤናን የሚጐዳ ነገር ስለ ሆነ ክልከላው በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የቅጠሉ ሕግና የሃይማኖቱ ዐዋጅ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ስለ ወደቁ፣ ጋያውን ጣል የተባለው ሰው እምነትህን ጣል የተባለ ቢመስለው የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ቢላዋው ከንፈርን ቢያስፈራም ልብን ሊያሳምን አልቻለም፤ ትምባሆውም ከአገሩ አልጠፋም።

ኋላ መንግሥት ከመቅጣት ወደ መሸጥ ተሻገረ። በ1942 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ ንግዱ የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ፤ በአዲስ አበባ ፋብሪካ ሠራ፤ በሸዋ ሮቢትና በቢላቴም ቅጠሉ በሰፊው ተተከለ። የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ከድርጅቱ አክሲዮን 40 በመቶ ያህሉን ገዛ፤ በተከታዩም ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ።

ይህ ሕግ ከቀድሞው የሚለይበት ዋናው ነገር የቅጣቱ መቅለል ብቻ አይደለም፤ የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቅ ለሁሉ በአንድ ቃል መናገሩ ነው። በሀቫና የተጠቀለለው ሲጋርም ሆነ በቦረና የተለኰሰው ጋያ ያው አንድ ቅጠል ነው፤ አፍንና ጉሮሮን፣ ሳንባንም ይጐዳል፤ የጠጪውንም ስመ ክርስትና ወይም እስልምና አይጠይቅም። እንግዲህ ወጣቶቻችንን ከትምባሆ ለማራቅ ስንነሣ፣ ምክራችን እንደ ጎረቤት ምክር እንጂ እንደ ቢላዋ እንዳይሆን ከወሎ ታሪክ እንማር።