እንጨቱ ውስጥ የተደበቀው አይብ

«በእህል አይቀለድም» እየተባልን ላደግን ልጆች የኩፐርስ ሂል ነገር መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል።

ቦታው እንግሊዝ ነው፤ ግሎስተር ከተማ አጠገብ ያለ፣ ቆሞ ለማየት እንኳ የሚያስፈራ ቁልቁለት። በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ፣ በበዓል ቀን፣ ከአናቱ ላይ አይብ ይለቀቃል። አይብ ስል ከክትፎ ጋር የሚቀርበው እንዳይመስላችሁ። ደብል ግሎስተር የሚባል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ክብ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ጠንካራ ነገር ነው። ወጣቶቹ ከኋላው ይወረወራሉ። ሩጫ ለማለት ይከብዳል፤ አብዛኛው መንከባለል ነው። አጥንቱን ሰብሮ የሚመለስም አለ። ቀድሞ ታች የደረሰ አይቡን ይወስዳል።

ጨዋታው በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1826 ለከተማው አዋጅ ነጋሪ ከተላከ መልእክት ነው። ቀድሞ የሚካሄደውም በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ ምግብ የሚያመላልሱትን መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ስለዚህ ምግብ በራሽን ሆነ። በሜይ 1941 አይብም ተራው ደረሰው፤ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው በሳምንት 28 ግራም ብቻ! እስቲ አስሉት፤ ለጨዋታ የሚንከባለለው አንድ አይብ ከ100 በላይ ሰዎች የሳምንት ድርሻ ነው። እሱን ገደል መልቀቅ ማን ይደፍራል?

የመንደሩ ሰዎች ግን በዓሉን አልተዉም። አይቡን ከእንጨት ቀርጸው ሠሩት። መሐሉን ፈልፍለው ትንሽዬ እውነተኛ አይብ ከተቱበትና እንደ ወትሮው አንከባለሉት። ራሽን እስካበቃበት እስከ 1954 ድረስ እንዲሁ ቀጠሉ።

ለምን ደረቅ እንጨቱ ብቻ አልበቃቸውም? ማንም አያየው፣ ማንንም አያጠግብ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያቺ ቁራሽ ባትኖር ጨዋታው ግንድ ማባረር ይሆንባቸው ነበር። የሚሮጡት ለሚበላ ነገር ነዋ። እጥረቱን አክብረው አብዛኛውን ለገበታ ተዉት፤ በዓሉን አክብረው ጥቂቷን አስቀሩለት።

የወደቀ እንጀራ አንስታ የምትስም አያት ያለችው ሰው ይሄን ሒሳብ የሚያጣው አይመስለኝም። አይቡ ሲንከባለል ግን ሳትቆጣ አትቀርም።