ውርጌሳ፦ በሁለት አገር መገናኛ

የአንድን አገር ወሰን ለማወቅ ካርታ መመልከት ይበቃል የሚል አስተሳሰብ አለ። ይሁን እንጂ ካርታ የሚያሳየው መስመሩን እንጂ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሕዝብ ታሪክ አይደለም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኘው ውርጌሳ ለዚህ ምስክር ናት።

ውርጌሳ የየጁና የአምባሰል መገናኛ ናት። በስተምዕራብ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ከደቡብ የሚመጣው የሚሌ ወንዝ በዚህ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አዋሽን ፍለጋ ይጓዛል። ከተራራው ማዶ የዘነበው በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ሲፈስ፣ ከወዲህ የዘነበው ባሕር ሳይደርስ በበረሃ ይቀራል። ተፈጥሮ ያሰመረችው ወሰን ይህ ነው።

ሰው ያሰመረው ወሰን ግን በየዘመኑ ስሙን ሲለውጥ ኖሯል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲያልፍ የአካባቢው ስመ ጥር ግዛት አንጎት ነበር። ከኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ የየጁ ስም ገነነ። ከየጁ የወጡት የወረ ሼህ መሳፍንትም ዳግማዊ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል እስኪሆኑ ድረስ የጎንደርን መንግሥት በእጃቸው አዙረዋል። የዳር አገር የተባለው የመሐሉን ዕጣ ወሰነ ማለት ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤቷ ውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ። ብዙ የተነገረለት በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየው 17ኛው አንቀጽ ነው፤ 3ኛው አንቀጽ ግን በሰሜን፣ ከዚህ እጅግ ርቆ በሚገኝ ምድር ላይ ወሰን አሰመረ። በዚያ መስመር ላይ የሚኖረው ገበሬ አልተጠየቀም። የውሉም ጠብ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ በደም ተፈታ።

የጁና አምባሰል አውራጃዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሐብሩ በሰሜን ወሎ፣ አምባሰል በደቡብ ወሎ ዞን ይቆጠራሉ። አውራ ጎዳናው ነጋዴን እንዳመላለሰ ሁሉ ጦርንም አመላልሷል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከወልድያ እስከ ደሴ የተካሄደው ጦርነት ይህንኑ መስመር ተከትሏል።

በዚህ ሁሉ መካከል ወሰን ያላገደው አንድ ነገር አለ፤ ዜማ ነው። አምባሰል የወረዳ ስም ሲሆን ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች የአንዱም ስም ነው። ባቲም እንዲሁ የወሎ ከተማ ሆና ለቅኝት ስሟን ሰጥታለች። ማሲንቆ መቺው አምባሰልን ሲቃኝ የየትኛው ዞን ተወላጅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

እንግዲህ መምህሩና ከያኒው ትልቅ ተግባር ይጠብቃቸዋል። የውል ወረቀት በቤተ መዛግብት ይጠበቃል፤ የወንዙን፣ የኮረብታውንና የገበያውን ስም ከነምክንያቱ የሚያውቁት አረጋውያን ግን ጠባቂ የላቸውም። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚቀረው መስመሩ ብቻ ነው።